ያላሳየሁህ ወረቀት

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ውድ ሙሉሰው፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። አንተን ግን ከስድስት ሳምንት በፊት በዓይኔ አይቼህ ስለተመለስሁ ደህና መሆንህን አውቃለሁ፤ ትንሽ ከስተሃል እንጂ ደህና ነህ። እናትህም ደህና ናቸው። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ዙሪያውን ከዞርሁ እንደዚያ ቀን ሳልናገር እቀራለሁ።

ለእህቴ ሠርግ ላሊበላ ስለመጣሁ እግረ መንገዴን ጎራ አልሁ ብዬህ ነበር። ብልባላ ከላሊበላ ለሚነሣ ሰው የማንም እግረ መንገድ አይደለም። የመጣሁት አንድ ነገር ልነግርህ ነበር። ቀኑን ሙሉ አብሬህ ውዬ፣ እናትህ ቤት በልቼ ጠጥቼ፣ የሰጡኝን ማር ተሸክሜ፣ ሳልነግርህ ተመለስሁ። አሁን የምጽፍልህ እሱን ነው። መጀመሪያ ብቻህን አንብበው። ከዚያ በኋላ ለፈለግኸው ሰው ብታነብለት ቅር አይለኝም። ኬሚስትሪ የማያውቅ ሰው ቢሰማውም እንዲገባው፣ አንተ የምታውቀውን ጭምር ከሥሩ እጽፈዋለሁ።

የተዋወቅንበትን ቀን አልረሳሁትም። ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ውስጥ የመስታወት ቱቦ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ፤ ሰው የለም ብዬ በአገሬ አነጋገር ራሴን ስረግም፣ ከወዲያኛው ጠረጴዛ "ይችስ የላስታ ናት" አልህ። እኔ የላሊበላ አስጎብኚ ልጅ፣ አንተ የብልባላ ገበሬ ልጅ፤ እዚያው አገራችን ብንቀር ኖሮ ምናልባት ሰላም ሳንባባል እናረጅ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግን ወንድምና እህት ሆንን። ከቤት የሚላክልህን የገብስ ቆሎ በወረቀት ጠቅልለህ ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጥልኝ ነበር፤ አማካሪያችን ፕሮፌሰር ሀብተ ሥላሴ እዚያ ቤት እህል እንዳይገባ ስንት ጊዜ ከልክለውን ሳሉ።

ሥራውን ለሁለት የከፈሉልን እሳቸው ናቸው። ለእኔ ሃይድራይዶቹን ሰጡኝ። ሃይድራይድ የምንለው እንደ ሩቴኒየም ያለ ብረት አንዲት ሃይድሮጂን በቀጥታ በራሱ ላይ ይዞ ሲገኝ ነው። የእኔዎቹን አየር ከነካቸው ይበላሻሉ፤ ስለዚህ ናይትሮጂን በተሞላ የመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ሣጥኑ ላይ በተገጠመው ረጅም ጓንት እጄን አስገብቼ ነበር የምሠራቸው። ለአንተ ኦክሶዎቹን ሰጡህ። እነዚያ ደግሞ ብዙ ኤሌክትሮን የተወሰደበት ብረት አንድ ኦክስጂን አጥብቆ የያዘባቸው ናቸው። ኤሌክትሮን ስለጎደላቸው ካገኙት ነገር ሁሉ ይነጥቃሉ።

ሁለቱ ሲቀላቀሉ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ይታወቅ ነበር። ሃይድሮጂኗ ከእኔ ብረት ተነሥታ በአንተ ብረት ላይ ወዳለው ኦክስጂን ትሻገራለች፤ ቀለሙም ይለወጣል። ያልታወቀው አሻጋገሯ ነበር። ከብረቱ ስትላቀቅ ኤሌክትሮን የሚባል ሳትይዝ ባዶዋን ልትሄድ ትችላለች፤ አንድ ይዛ ልትሄድ ትችላለች፤ ሁለት ይዛም ልትሄድ ትችላለች። ለሚያየው ሰው መድረሻው አንድ ነው። መንገዱን ያላወቀ ግን ነገ ሌላ ብረት ቢሰጡት ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መናገር አይችልም። ውሃን ሰንጥቆ ነዳጅ ለማውጣት የሚደክሙት ሰዎች ሁሉ የሚቸግራቸው እንዲህ ያለች እርምጃ ናት። ፕሮፌሰሩ "አንድ ኤሌክትሮን ይዛ፣ በአንድ እርምጃ" ይሉ ነበር። እኔም አመንኋቸው፤ ብረቱ ሃይድሮጂኗን ምን ያህል አጥብቆ እንደያዛት ከፍጥነቱ ጋር እያስተያየሁ የዶክትሬት ጽሑፌን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፍሁበት። ከምዕራፉ የወጣ ጽሑፍም ውጭ አገር ለሚታተም መጽሔት ተላከ።

"በከባዱ ሃይድሮጂን እንሞክረው" ያልህ አንተ ነህ። ዲዩቴሪየም በጠባዩ ሃይድሮጂን ነው፤ ክብደቱ ብቻ እጥፍ ይሆናል። ሥራውን ሁሉ የሚያዘገየው የሃይድሮጂኗ መሻገር ከሆነ፣ በእሷ ፈንታ ከባዷ ስትገባ ነገሩ በግልጽ መንቀርፈፍ አለበት። ካልተንቀረፈፈ የሚያዘገየው ሌላ ነገር ነው። ናሙናውን እኔ ሠርቼ ሰጠሁህ። አንድ ሳምንት ሙሉ ለካኸው። አልተንቀረፈፈም። ቁጥሮቹ አንድ ዓይነት ነበሩ።

ወረቀትህን ይዘህ ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ነበር የነገርኸኝ። "ምሥራቅ፣ ቀድማ የምትሻገረው ኤሌክትሮኗ ናት። ለብቻዋ። ኤሌክትሮኑን የተነጠቀ ሃይድራይድ ደግሞ ሃይድሮጂኗን አጥብቆ መያዝ አይሆንለትም፤ ይለቃታል፤ እሷም ተከትላ ትሄዳለች። ሁለት እርምጃ ነው።" ትክክል እንደምትሆን ገና ያኔ ጠርጥሬአለሁ። ትክክል ከሆንህ የእኔ ምዕራፍ ውሸት መሆኑንም አስቤአለሁ። ሥራዬን ልጨርስ የቀረኝ ስምንት ወር ነበር።

ቀጥሎ ያለውን አታውቅም።

ቁጥሮችህን ለምታቀርብበት ሴሚናር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንተ ለክተህ ከጨረስህ በኋላ፣ ከናሙናው ጠርሙስ የተረፈውን ወስጄ ኤን ኤም አር በሚባለው መሣሪያ አየሁት። መሣሪያው ሃይድሮጂኖችን በመስመር ላይ ያሳያል፤ ሌሎቹ ከዜሮ በስተግራ ሲሰለፉ፣ ብረት ላይ ያለችው ብቻዋን ከዜሮ በስተቀኝ ርቃ ትቆማለች። ከባዱ ግን በዚያ መስመር ላይ አይታይም። ናሙናው ተበላሽቶ፣ ከባዱ ሃይድሮጂን ከእርጥበት ጋር ተለዋውጦ ወደ ተራው ተመልሶ ቢሆን ኖሮ፣ በስተቀኝ ያችን ብቸኛ ምልክት አያት ነበር። እንዳያት ተመኝቼ ነበር የለካሁት፤ ይህንም ልንገርህ። ቦታው ባዶ ነበር። ከመቶ ሦስት እንኳ የማትሞላ ጭረት ብቻ። ናሙናው ንጹሕ ነው፤ አንተም ልክ ነህ። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያዬ ውስጥ አስገባሁት።

ሴሚናሩ ሰኔ 2011 ዓ.ም. ነበር፤ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ ፕሮፌሰሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይናገሩ እንደነበር አልረሳውም። ቁጥሮችህን አስቀመጥህ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው፣ ናሙናው ወደ ተራው ሃይድሮጂን ተመልሶ መሆን አለበት አሉ። "ተራውን ሁለት ጊዜ ለክተህ፣ ሁለቱ አንድ ናቸው ትለናለህ" አሉህ። ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር። አንተ ዞረህ አየኸኝ። እንዳግዝህ አልነበረም አስተያየትህ፤ የጠየቅኸኝ እውነቱን ነበር። እኔም "ስሰጠው ንጹሕ ነበር" አልሁ።

ቃሉ እውነት ነው። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ሰው ሁሉ የሰማው "ከእጄ ከወጣ በኋላ እሱ አበላሽቶታል" የሚለውን ነው፤ እንደዚያ እንደሚሰማም አውቄ ነው የተናገርሁት።

በማግሥቱ መጥተህ ከጠርሙሱ የተረፈ ካለ አብረን እንየው አልኸኝ። "አልቋል" አልሁህ። ጠርሙሱ ሣጥኑ ውስጥ፣ ከምትቆምበት ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። በሴሚናሩ ላይ ዝም ያልሁትን ለራሴ በብዙ መንገድ አስተባብዬዋለሁ፤ ደነገጥሁ፣ ተቀደምሁ፣ ቦታው አልነበረም ብዬ። ይህችን አንድ ቃል ግን በምንም ማስተባበል አልቻልሁም። ዋሸሁህ። አመንኸኝ። "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስቀድሜ ማየት ነበረብኝ" ብለህ ጠረጴዛህን መጥረግ ጀመርህ።

በዚያው ክረምት አባትህ አረፉ። ለለቅሶ እንደሄድህ ቀረህ። እኔም ለሚጠይቀኝ ሁሉ "በአባቱ ሞት ምክንያት ነው፤ ቤቱ የሚረዳው ሰው የለውም" እያልሁ መለስሁ። ግማሹ እውነት ነበር። ጽሑፌ ታተመ። ምዕራፉም ጸደቀ። ዶክተር ተባልሁ፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመርሁ።

ጦርነቱ ላስታ የገባ ጊዜ ለወራት ስልክ ጠፋ። አባቴ ይኑር ይሙት አላውቅም ነበር። በየቀኑ ከላሊበላ ወጣ የተባለ ሰው ፍለጋ ስዞር፣ ከጋሸና በእግሩ ያመለጠ አንድ ሰው አገኘሁና ስለ አባቴ ጠየቅሁት፤ ቀጥዬም ስለ አንተ ጠየቅሁት። ብልባላ ብዙ ሰው ጠፍቷል አለኝ። ሙሉሰው፣ ያን ጊዜ ልቤ ውስጥ ያለፈውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ለአንዲት አፍታ፣ ከለቅሶው በፊት፣ "እሱ ከሌለ ነገሩም የለም" የሚል ሐሳብ መጣብኝ። እንደ እፎይታ ያለ ነገር። ከዚያ ወዲያ ነው ያለቀስሁት፤ ለአንተ ይሁን ለራሴ አላውቅም። በሕይወት መኖርህን ከስንት ወር በኋላ ስሰማ ደስ አለኝ። ያች አፍታ ግን ነበረች።

እንዲህ ሆኜ ስንት ዓመት እንደምቀጥል አላውቅም ነበር። ያስቆመችኝ ፅናት የምትባል የማስተርስ ተማሪዬ ናት። የእኔን የታተመ ሥራ መሠረት አድርጋ ሌላ ኦክሶ ስትመረምር አንድ ዓመት ሙሉ ቁጥሮቿ አልገጥም አሏት። በአንድ እርምጃ መሆን ነበረበት፤ አልሆን አለ። ባለፈው ኅዳር ቢሮዬ መጥታ፣ ትምህርቱን ላቋርጥ ነው አለችኝ። "የእርስዎ ሥራ ትክክል ነው፤ የተበላሸው የእኔ እጅ ነው" አለች። እጇን እያየች ነው ይህን የምትለው። እጇ ምንም አልሆነም። ሥራዋን እንዳታቋርጥ፣ ሁለት ወርም እንድትታገሠኝ ለመንኋት። እሷ ስትወጣ የድሮ መሳቢያዬን ከፍቼ ወረቀቱን አወጣሁት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ብልባላ ስመጣም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

የምታስተምርበት ትምህርት ቤት የደረስሁት ክፍል ልትገባ ስትል ነው። ስታየኝ የተደሰትኸው መደሰት አሳፈረኝ። "ተማሪዎቼን እይልኝና አብረን እንወጣለን" ብለህ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኸኝ። ስልሳ የሚሆኑ ልጆች፣ አንድ ሰሌዳ፣ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ቆርጠህ የሠራሃቸው መለኪያዎች። አስተማሪነትህን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ደግ አስተማሪ ነህ። ስለ ልኬት ነበር የምታስተምረው። እኔ መቀመጤን የረሳህ እስኪመስል ድረስ ረጋ ብለህ የራስህን ታሪክ ነገርሃቸው።

"አንድ ጊዜ ትልቅ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ" አልህ። "ናሙናዬን ዳግመኛ ሳላይ በሰው ፊት ቆሜ ተናገርሁ። ናሙናው ተበላሽቶ ኖሯል። እናንተ ከመናገራችሁ በፊት እዩ።"

የማንንም ስም አላነሣህም። ናሙናውን ሌላ ሰው እንደሠራው እንኳ አልተናገርህም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች፣ በኋላ ገለቴ እንደምትባል የነገርኸኝ ልጅ፣ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ናሙናው መበላሸቱን ያየ ሰው ነበር?"

"የለም፤ አልቆ ነበር።"

"ታዲያ መበላሸቱ በምን ታወቀ?"

ልጆቹ ሳቁ። አንተም ፈገግ አልህ። "ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ ሰዎች ነገሩኝ" አልሃት። ልጅቱ ተቀመጠች፤ ግን እንዳልተቀበለችህ ፊቷ ይናገር ነበር። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በሁለት ጥያቄ የደረሰችበት ቦታ ላይ አንድ ክፍል ሙሉ የተማረ ሰው በሴሚናሩ ዕለት አልደረሰም። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ሁለት እጄን ጭኜበት ተቀመጥሁ። በዚያች ሰዓት ተነሥቼ መናገር ነበረብኝ። ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ ብልህ ያምርልኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ልጆቹ ፊት ማፈር አለመፈለጌ ነው።

እናትህ ቤት ስንደርስ እማማ ጥሩነሽ ጠላ እየቀዱ፣ "አንች ነሽ ያች እህቱ? በዚያ አገር ያለ እሷ ሰው አልነበረኝም ይለኝ ነበር" አሉኝ። ማሩንም የሰጡኝ ያኔ ነው። ብዙ ነው አይሆንም ብላቸው፣ "ለልጄ የሆንሽለትን ምን ይመልሰዋል" ብለው በጨርቅ አስረው እጄ ላይ አኖሩት። እስከ ዛሬ አልከፈትሁትም።

መኪና ወደምይዝበት ስትሸኘኝ፣ ገና ያልተወቃው ክምር አጠገብ ስንደርስ ቆምህ። ለመጠየቅ ቀኑን ሙሉ ስታመነታ እንደዋልህ ታውቆኛል። "ያ ነገር ግን፣ አሻጋገሯ፣ በኋላ ተለየ?" አልኸኝ። "እኔ አሁንም አንዳንዴ ሳስበው ኤሌክትሮኗ የቀደመች ይመስለኛል። የናሙናው ነገር ባይኖር።"

ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነበር። መንገዱ ላይ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። ለሰው የሚሰጥ ዕድል ከዚህ በላይ አይመቻችም።

"እስካሁን አልተለየም" አልሁህ።

አንገትህን ነቅንቀህ መንገዱን ቀጠልህ። ሁለተኛው ውሸቴ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ሌላ ሰው በፍርሃት ሊያሳብብልኝ ይችላል። ሁለተኛውን የዋሸሁት የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ሆኜ፣ ማስረጃውን ተሸክሜ፣ ልናገር ብዬ መጥቼ ነው። መኪናው ውስጥ ሆኜ ገደሉን ቁልቁል እያየሁ፣ ፊት ለፊት መናገር የማልችል ሰው መሆኔን አመንሁ። አመንሁና አንድ ነገር ወሰንሁ፤ መናገር ካልቻልሁ አስቀድሜ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ መናገሩ ግድ ይሆናል።

አዲስ አበባ ስመለስ መጀመሪያ ፅናትን ጠርቼ ነገርኋት። ከአንተ ቀድማ መስማቷ አግባብ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ላቋርጥ ነው ያለች ልጅ ነበረች። ሁሉን ሰማች። "እጄን እስክጠላው ድረስ ሲያዩኝ እውነቱን ያውቁ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። አውቅ ነበር አልኋት። ወጥታ ሄደች፤ በማግሥቱ ግን ሥራ ቦታዋ ላይ ተገኘች። ናሙናውን እንደገና ሠራን። ከመለካቱ በፊትም፣ በኋላም፣ በእሷ ፊት አየነው። ሦስት ጊዜ ለካን። ቁጥሮቹ ከስድስት ዓመት በፊት አንተ ደብተርህ ላይ ከጻፍሃቸው ጋር ገጠሙ። ደብተርህ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ማንም አልነካውም። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የቤቱን ሙቀት ጽፈሃል። መብራት የጠፋበትን ሰዓት ጽፈሃል። ከዚህ በላይ የሚጠነቀቅ እጅ አላየሁም።

ከዚያ ፕሮፌሰር ሀብተ ሥላሴ ቤት ሄድሁ። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ወረቀቱን ለፀሐይ አድርገው አዩት፤ ባዶውን ቦታ በጣታቸው ተከተሉት። ቀኑንም አነበቡ።

"ለምን ያን ዕለት አልነገርሽኝም?"

"ፈርቼ።"

"እኔን?"

"አይደለም። ለምዕራፌ ፈርቼ።"

ወረቀቱን መለሱልኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ "እኔም ጠርሙሱን አምጡትና እንየው አላልሁም። ጽሑፉ ተልኮ ነበር። ስሜም ነበረበት።" ይህን ሲሉ ለእኔ እንዲቀልልኝ ብለው አይመስለኝም፤ ለራሳቸው ነው የተናገሩት። ለመጽሔቱ በጻፍሁት ላይ አብረውኝ ፈረሙ። ወጥቼ ስሄድ ጠርተው፣ አንተን ለማየት ብልባላ ድረስ መጓዝ እንደማይችሉ፣ ጉልበታቸው እንደማይፈቅድላቸው፣ ግን ያን ቀን በሰው ፊት ያሉህን ቃል እንዳልረሱት እንድነግርህ አዘዙኝ። ይኸው ነገርሁህ።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። ለመጽሔቱ፣ በአንድ እርምጃ ያልነው ስሕተት መሆኑንና፣ ማስረጃውንም ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት አውቄ እንደደበቅሁት ጽፌ ልኬአለሁ። ለትምህርት ክፍሉም ስለ ምዕራፌ ተመሳሳይ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። ዲግሪዬን ምን እንደሚያደርጉት አላውቅም፤ ኮሚቴ ይቀመጣል ተብያለሁ። ሥራዬን ላጣ እችላለሁ። ይህን የምጽፍልህ እንድታዝንልኝ አይደለም፤ ከሌላ ሰው ብትሰማው ደብቃኛለች እንዳትል ነው። ሁሉንም ያደረግሁት ይህን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ነው። አስቀድሜ ብጽፍልህ ተይው ትለኝ ነበር፤ አውቅሃለሁ። እኔም እታዘዝህ ነበር።

አንድ ያልላክሁት ነገር አለ። ሥራህን በአዲስ ጽሑፍ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ኤሌክትሮኗ ቀድማ እንደምትሻገር፣ ሃይድሮጂኗ እንደምትከተል፣ በአንተ ቁጥሮችና በአንተ አሳብ። ስምህ መጀመሪያ ላይ ነው። የፅናት ይከተላል፤ እሷ የራሷን ኦክሶ ጨምራበታለች፤ የእሷም ቁጥሮች አሁን ገጥመዋል። የእኔን ስም አላስገባሁትም። ይህን ያለ አንተ ፈቃድ የትም አልክም። ከደብዳቤው ጋር አለ፤ ወረቀቱም አለ፤ ዋናው፣ እኔ ያጠፍሁት። እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ለቋል፤ ቦታው ባዶ መሆኑ ግን ይታያል። ለገለቴ አሳያት። ናሙናውን ያየ ሰው እንደነበር፣ ያየችውም ያን ቀን ከኋላ ተቀምጣ የነበረችው እንግዳ እንደሆነች ንገራት። ልጅቱ አንተን አለማመኗ ልክ ነበር።

ለምን እንዳደረግሁት ትጠይቀኝ ይሆናል። ስድስት ዓመት ሙሉ ትልቅ ምክንያት ስፈልግለት ኖርሁ፤ አላገኘሁለትም። አንተን ጠልቼ አላውቅም፤ አልቀናሁብህም። ስምንት ወር ነበር የቀረኝ፤ ለዚያ ነው። አንድ ሰው የሚወደውን ሰው በዚህን ያህል ትንሽ ነገር አሳልፎ ሊሰጥ እንደሚችል ከራሴ በቀር ማንም ቢነግረኝ አላምነውም ነበር።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ወንድሜ ወንዴ ነው። ምን እንደያዘ አያውቅም፤ መልስ እንዲጠብቅም አላልሁትም። ከፋሲካ በኋላ ላሊበላ፣ አባቴ ቤት፣ ሁለት ሳምንት እቀመጣለሁ። "ነይ" ብለህ ከላክህብኝ ብልባላ መጥቼ እናትህ ፊት፣ ከፈቀድህም ተማሪዎችህ ፊት፣ ራሴ እናገራለሁ፤ ማሩንም እመልሳለሁ። ካልላክህብኝ አልመጣም፤ መንገድ ላይም አልጠብቅህም። ይቅር በለኝ ብዬ አልጻፍሁልህም፤ ብለምንህ ለእኔ ስትል ቶሎ እንደምትለው ስለማውቅ ነው። ጊዜ ውሰድ። ባትለውም የተላከው ተልኳል፤ አይመለስም።

ድሮ ለበዓል አገር ቤት ስትሄድ በምልክልህ ወረቀት ሁሉ ላይ "እህትህ" ብዬ እፈርም ነበር። ዛሬ ያን ቃል ጽፌ ሰረዝሁት። አንተ ካልመለስህልኝ በቀር በራሴ እጅ አልጽፈውም።

ምሥራቅ ወልደ ሩፋኤል